ሚስተር ሆልሮይድ በሩን ያስከፈቱበት ቀን

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ጓደኞቼ፣ እንዲሁም ከፊት ተቀምጠው የመስሚያ ቀንድዎን ወደ እኔ ያዞሩት የብስኩት ፋብሪካችን ጌታ ሚስተር ሆልሮይድ፤

በመጀመሪያ ይህን ድግስ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እጅ ነስቻለሁ። ጥብሱን ለጠበሳችሁ፣ አዳራሹን በአበባ ላስጌጣችሁ፣ ያን ግዙፍ ኬክ ደረጃውን ተሸክማችሁ ላወጣችሁት ምድጃ ቤቶች፣ እጃችሁ ይባረክ። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ "ወሬ ትታችሁ ሥራችሁን ሥሩ!" እያልኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። ዛሬ እኔ ላወራ ተነሥቼ እናንተ ጸጥ አላችሁ፤ ዓለም ተገለበጠች!

ወንበር አምጥታችሁልኛል፤ አልቀመጥም። ዛሬ መቀመጥ የምችል አይደለሁም። ለምን መሰላችሁ?

"ታቢታ ክሌግ ደክሟት ነው የምትሄደው" ስትባባሉ ሰምቻለሁ። "አይ እሷ እንኳ፣ ወገቧ ነው" ያለም አለ። ማን ደከመው? የማን ወገብ? እኔ የምሄደው ላገባ ነው!

ሳቁ፣ ሳቁ፣ እኔም ለሦስት ቀን ስስቅ ነው የሰነበትኩት። አዎ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ። አዎ፣ ሰውዬው እሱ ነው፤ በሩ ጋ ቆሞ ባርኔጣውን የሚያሽከረክረው፣ የቦዩ በር ጠባቂ አሞስ ዳይሰን። በዚህ ከተማ ቦይ ላይ ጀልባ ያለ እሱ ፈቃድ አይወጣም አይወርድም። አሞስ፣ ባርኔጣህን ተዋት፤ ጠርዟ ሊቀደድ ነው።

ታዲያ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ማሸጊያ ክፍል አዲስ የገቡት ሴቶች ከበው ያዙኝ። "ሚስ ክሌግ፣ ሚስተር ሆልሮይድ መንፈስ አይተዋል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ ነው?" አሉኝ። ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን። አንዷ እኔ ነኝ፤ ነገ አልኖርም። ሌላው እሳቸው ናቸው።

ሚስተር ሆልሮይድ፣ ልናገር?

"ተናገሪ፤ ግን አሳጥሪው፤ መብራቱ በከንቱ ይነዳል" አሉ። ሰማችኋቸው? ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ተለውጠው፣ ተለውጠው፣ አሁንም መብራቱ ያሳስባቸዋል!

የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት እኚህን ሰው ስስታም ነበሩ ብትሉ ያንሳል። ስስታም ያለውን ነው የሚቋጥረው። እሳቸው ግን ለራሳቸው የማይጠቅማቸውን ነገር እንኳ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። የተሰበረ ብስኩት አይሸጥም አይደል? ያኔ ተቆልፎበት ይከርማል፣ ዓርብ ዓርብ በጆንያ ተሞልቶ ቦዩ ውስጥ ይደፋል። የዚህ ከተማ ልጆች ጉንጫቸው ጎድጉዶ፣ የዚህ ከተማ ዳክዬ ግን መብረር አቅቶት በእግሩ ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን የምድጃው አለቃ ደፍሮ፣ "ጌታዬ፣ ከሚጣል ለሠራተኛው ቢሰጥስ?" አላቸው።

"ዛሬ የተሰበረውን ብሰጣቸው ነገ ሙሉውን ይሰብሩታል" አሉ። አለቀ።

ሰላምታም ይሰስቱ ነበር። "እንደምን አደሩ ጌታዬ" ስንላቸው፣ መልሱ ከኪሳቸው የሚወጣ ይመስል አፋቸውን ጥርቅም አድርገው ያልፋሉ። ስማችንን አያውቁም። ሁላችንም "አንቺ" ነበርን። መቶ አርባ "አንቺ"!

ከሁሉ የከፋው ግን በሩ ነው። ማሸጊያ ክፍሉና ምድጃ ቤቱ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ መሆኑን ታውቃላችሁ። ከግድግዳው ወዲያ ጋጋሪዎቹ በላብ ይጠመቃሉ፤ ከግድግዳው ወዲህ እኛ ጣታችን ደንዝዞ ብስኩቱን ከጣታችን መለየት ያቅተናል። መሐል ላይ የብረት በር ነበረ፤ ተቆልፎ። ቢከፈት አንዲት ፍም የማያስጨምር በር! ሙቀቱ እንደሆነ በጭስ መውጫው በኩል ለሰማይ እየተሰጠ ነው። "ሙቀት እንቅልፍ ያመጣል" ብለው አስቆለፉት። ቁልፉን የሚይዘው ደግሞ የክፍሉ አለቃ ነው። እኔ ነኝ። እዚህ ወገቤ ላይ ነበር የሚንጠለጠለው።

በመስኮቱ ሥር፣ ነፋሱ በሚገባበት ቦታ፣ ዶርካስ ሎርድ የምትባል ሴት ትቀመጥ ነበር። ከነገ ጀምሮ ክፍሉን ከእኔ የምትረከበው የሮዳ እናት ናት። ባሏ ሞቶባታል፤ ሮዳ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዶርካስ ሳቂታ ነበረች፤ ብስኩት ስትደረድር ጣቶቿ አይታዩም ነበር፣ እንደዚያ ትፈጥናለች። ያን ክረምት ሳል ጀመራት። ጥር ሲጋመስ ቀበርናት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የካቲት ገባ። ጭጋጉ ከቦዩ ተነሥቶ መስኮቱን እንደ መጋረጃ ጋርዶታል። እኩለ ቀን ላይ የምሳ ደወል ሲደወል ሚስተር ሆልሮይድ ወደ ግቢው በሚያወጣው በር ላይ ቆሙና፣ "ሽርጣችሁን አራግፉ!" አሉ። ሁላችንም አራገፍን። ከኬዚያ ሽርጥ ውስጥ ስብርባሪ ብስኩት ተዘረገፈ።

ኬዚያ፣ ከኋላ ተቀምጠሽ አትሳቂ። ያን ጊዜ አልሳቅሽም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሏት።

"ስብርባሪ ነው ጌታዬ። ነገ ለዳክዬ የሚጣለው ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ።"

"ብስኩቱ የእኔ ነው። ለዳክዬ ልጣለው ለአሣ፣ ምን አገባሽ? ውጪ! እንዳትመለሺ!"

ኬዚያ የምሳ ቆርቆሮዋን አንሥታ ወጣች። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ግቢው ወጡ። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው፣ "አንቺ፣ ነይ፣ በእሷ ቦታ ማንን እንደምናስቀምጥ አሳዪኝ" አሉና ወደ ማሸጊያ ክፍሉ ቀደሙኝ። ተከተልኳቸው።

ገና ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ ቆሙ።

"ይቺ ሴትዮ ለምን ምሳ አልወጣችም?"

"የትኛዋ፣ ጌታዬ?"

"በመስኮቱ ሥር ያለችው! ታውረሻል እንዴ?"

አየሁ። ወንበሩ ባዶ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ቦታውን የሚደፍር ጠፍቶ። ከነፋሱና ከጭጋጉ በቀር በመስኮቱ ሥር ምንም አልነበረም።

እሳቸው ግን ወደዚያው ሄዱ። ከወንበሩ ፊት ቆመው ማውራት ጀመሩ። እኔ የምሰማው የእሳቸውን ብቻ ነው። የሰማሁትን ልንገራችሁ፤ አንዲት ቃል አልጨምርም።

"ስምሽ ማን ነው?" ዝም አሉ፤ እንደሚያዳምጥ ሰው። "ዶርካስ ማን?"

ያኔ ጸጉሬ ከቆቤ ሥር ተነሣ።

"ስንት ዓመት? አሥራ አንድ? እዚህ? እኔ አይቼሽ አላውቅም።" ደግሞ ዝም። "ታዲያ ከሞትሽ ለምን ትሠሪያለሽ? ማን ሥሪ አለሽ?" አሁን ድምፃቸው ቀጠነ። "ብርድሽን እኔ በምን ልወቅልሽ?"

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ቀስ ብለው፣ የተዘረጋ እጅ እንደሚቀበል ሰው።

እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። የጋለ ብረት የጨበጠ ሰው እንኳ እንደዚያ አይጮኽም። በጉልበታቸው ወደቁ። ሮጬ ደረስኩና እጃቸውን ያዝኩ፤ እስከ አንጓው ድረስ እንደ ሻማ ነጥቷል፣ ቅዝቃዜው ወደ እኔ ክንድ ወጣ። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ "በረደኝ፣ ታቢታ። አሥራ አንድ ክረምት በአንድ ጊዜ በረደኝ" አሉኝ።

ታቢታ! ስሜን አወቁት! ከየት አመጡት? ለሃያ ሦስት ዓመት "አንቺ" ሲሉኝ የኖሩ ሰው!

"ቁልፉን!" አሉ። "በሩን ክፈቺ! ቶሎ በይ፣ ቶሎ!"

ቁልፉን አስገባሁ፤ አልዞር አለ። ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ያልተከፈተ ቁልፍ ዝጎ ተጣብቋል። እሳቸው በጡጫ በሩን ይደበድባሉ፣ እኔ በእግሬ እራገጣለሁ፤ ከወዲያ ያሉት ጋጋሪዎች እሳት ተነሣ ብለው ይንጫጫሉ። በመጨረሻ የምድጃው አለቃ በመዶሻ ሰበረው። በሩ ወለል ሲል ሙቀቱ፣ ጓደኞቼ፣ ያ የሊጥና የስኳር ሽታ ያለው ሙቀት፣ ፊታችንን ሲመታው! የመስኮቱ በረዶ ቀልጦ ሲወርድ አየሁ።

"ያቺስ?" አሉኝ ሚስተር ሆልሮይድ። "ያባረርኳት የት ሄደች?"

"ወደ ቤቷ ነዋ፣ በቦዩ ዳር።"

ባርኔጣ አላሉ፣ ካፖርት አላሉ፤ ሮጡ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጫማ እንዳያልቅባቸው ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ሮጡ። እኔም ሽርጤን ሰብስቤ ከኋላ።

አሁን ኬዚያን አስቧት። የተባረረች ሴት ናት። በጭጋግ ውስጥ ስትሄድ ዞር ብትል፣ ያባረራት ጌታ ባርኔጣ እንኳ ሳያደርግ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ "ቁሚ! ቁሚ!" እያለ ይመጣባታል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እሷም ሮጠች! ሲቃረቡባት ደግሞ ዞራ ቆርቆሮዋን ወረወረችባቸው፤ ግንባራቸው ላይ አረፈ። ጠባሳው ያውና፣ ከቅንድባቸው በላይ። ሚስተር ሆልሮይድ ጭቃው ላይ ተዘረሩ፣ ተነሡ፣ ደግሞ ሮጡ።

ኬዚያ የቦዩ በር ጋ ስትደርስ አንድ ረጅም ሰው እጆቹን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋው። "ሁላችሁም ቁሙ!" አለ። "ሌባው የቱ ነው?"

ኬዚያ ትንፋሽ አጥሯት መናገር አልቻለችም። እኔም እንደዚያው። ሚስተር ሆልሮይድ ደም በአፍንጫቸው እየወረደ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ ቀና ብለው ሰውየውን አዩት።

"እኔ ነኝ" አሉ።

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሞስም ሰምቷል፤ ጠይቁት። መንገድ የዘጋው ሰው እሱ ነበር።

"ተመለሺ" አሏት ኬዚያን። "እባክሽ።"

ኬዚያ መቼም ኬዚያ ናት፤ "ብስኩቱስ?" አለች።

"ውሰጂው።"

"ስንቱን?"

እዚህ ላይ ታገሉ። "ሁ… ሁሉንም" አሉ፤ ያቺ ቃል ስትወጣ መንጋጋ የሚነቀልባቸው ነው የመሰለኝ።

አሞስ ብርድ ልብስ አልብሶ፣ ትኩስ ሻይ አጠጥቶ ሰደደን። ስንመለስ ኬዚያ ቀድማን ሄደች፤ ሚስተር ሆልሮይድ መንገድ ላይ አንድ ነገር ነገሩኝ። እሱን አሁን አልነግራችሁም፤ እደርስበታለሁ።

በማግስቱ መልአክ ሆኑ እንዳይመስላችሁ። መስጠት አያውቁበትም ነበር! መጀመሪያ ዓርብ ዕለት ስብርባሪውን በቅርጫት ሞልተው በሩ ላይ ቆሙ። ማን ይውሰድ? ሁሉም በሩቁ ያልፋል። "መርዝ አለበት" አለች አንዷ። "ከወሰድን ነገ ሌባ ብለው ሊያስሩን ነው" አለች ሌላዋ። ሚስተር ሆልሮይድ ቢጨንቃቸው አንዱን አንሥተው ራሳቸው ነከሱ። በሕይወታቸው የገዛ ብስኩታቸውን ሲቀምሱ ያ የመጀመሪያቸው ነው። አኘኩ፣ አኘኩ፣ ፊታቸው ተለዋወጠ። "ሰው ሁሉ እየከፈለ የሚበላው ይሄን ነው?" አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅቤ ተጨመረበት። ዛሬ ብስኩታችን እስከ ሊቨርፑል የሚፈለገው ከዚያች ጉርሻ ወዲህ ነው!

ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ስማችንን ማጥናት ጀመሩ። "ደህና አደርሽ፣ ማርጋሬት።" "ኤለን ነኝ፣ ጌታዬ።" "ደህና አደርሽ፣ ኤለን።" "ማርጋሬት ኋላ ያለችው ናት፣ ጌታዬ።" እስከ ሰኔ ድረስ መቶ አርባውን አወቁ።

የዶርካስ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈላቸውም። ሮዳን ወደምታሳድገው አክስቷ ቤት እሑድ እሑድ ይሄዱ ነበር። አክስትየዋ በሩን ትከፍታለች፣ ታያቸዋለች፣ ትዘጋባቸዋለች። ሰባት እሑድ እንደዚያ ሆነ። በዝናብ ሄዱ፣ በውርጭ ሄዱ። በስምንተኛው "ይግቡ፤ ደግሞ እግርዎን ይጥረጉ" አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሮዳ ትምህርትም ልብስም አልጎደለባትም። እሷም ጎበዝ ሆና አደገች፤ የሥራውን መላ ከእኔ ተማረች።

እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እስከዚህ ነው። አሁን ማንም የማያውቀውን ልናገር ነው።

አሞስ፣ አንተም ስማ። ሦስት ጊዜ "አግቢኝ" ብለኸኝ ሦስት ጊዜ "እስቲ ቆይ" ያልኩህ ስለምጠላህ አልነበረም። ቅዳሜ በሠርጋችን እጄን ከመያዝህ በፊት የማንን እጅ እንደምትይዝ ዕወቅ።

ዶርካስ ከመሞቷ አሥር ቀን በፊት ወደ እኔ መጣች። ከንፈሯ ጠቁሯል። "ታቢ" አለችኝ፣ "ግማሽ ሰዓት ብቻ ክፈቺልኝ። ጌታው እንደሆኑ ማንችስተር ሄደዋል። ማንም አያይም።"

"እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?" አልኳት። "ወደ ቦታሽ ተመለሺ።"

ሥልጣን የለኝም አልኩ! ቁልፉ ወገቤ ላይ ተንጠልጥሎ! ሚስተር ሆልሮይድ ያን ቀን ከተማው ውስጥ አልነበሩም። ያን ቀን በሩን የዘጋው ማን ነው? እሳቸው ለገንዘባቸው ሰሰቱ፤ እኔ ለሹመቴ ሰሰትኩ። ዶርካስም ተመልሳ ተቀመጠች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እናንተ በሚስተር ሆልሮይድ ታሪክ ስትስቁ እኔም አብሬ እየሳቅኩ፣ ስለዚያ ቀን ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ከቦዩ ስንመለስ ሚስተር ሆልሮይድ የነገሩኝ ይህን ነው። ዶርካስን፣ እኔ በማልሰማው ሹክሹክታ፣ "በሩን ብከፍትልሽ ታርፊያለሽ?" ብለው ጠይቀዋት ነበር። እሷም እንዲህ አለቻቸው፦ "ለእኔስ አልፏል። ለታቢታ ይክፈቱላት። እሷም በርዷታል።"

ስሜን የነገረቻቸው እሷ ነበረች።

ሮዳ፣ ልጄ። ክፍሉን ነገ ከእኔ ትረከቢያለሽ። ከማን እጅ እንደምትረከቢ ሳታውቂ እንድትረከቢ አልፈለግሁም። እዚህ ሰው ፊት "ይቅር ብያለሁ" በይ አልልሽም፤ ይሉኝታ የያዘው ይቅርታ ይቅርታ አይደለም። ስትፈልጊ፣ ከፈለግሽ፣ በራስሽ ጊዜ መልሺልኝ።

ምን? ቆይ፣ ቆይ፤ ዝም በሉ እስቲ፣ እየተናገረች ነው።

ከኋላ ያላችሁ አልሰማችሁም። ልድገምላችሁ። "አውቃለሁ" ነው የምትለው። "ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ እናቴ ያን ዕለት ማታውኑ ነግራኛለች። መቼ ትነግሪኝ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን ያንን ተይና፣ የቅዳሜው ሠርግ ስንት ሰዓት ነው?"

አራት ሰዓት ነው፣ ሮዳ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ መሐረቤን ላውጣ። አይ፣ ይሄ ሐዘን አይደለም! ደስታ ነው፤ ደስታም እንዲህ ያንዘፈዝፋል ለካ!

እንግዲህ ልመርቃችሁና ልውጣ። ሚስተር ሆልሮይድ፣ ዕድሜዎ ይርዘም፤ የሰጡት ሁሉ በጤና ይመለስልዎ። ኬዚያ፣ ሳቅሽ ከቤትሽ አይውጣ፣ የልጅ ልጆችሽ ከፍ ከፍ ይበሉልሽ። አዲስ የገባችሁ ሴቶች፣ እጃችሁ ፈጣን፣ ደረታችሁ ደህና ይሁን፤ ስማችሁን የማያውቅ አለቃ አይግጠማችሁ። ምድጃ ቤቶች፣ እሳታችሁ ይንደድ፣ እሳት ግን አይንካችሁ። ሮዳ፣ አንቺን እናትሽ ከላይ ትመርቅሽ፤ እኔ ምርቃትሽን ለመቀበል እንጂ ለመስጠት አልበቃሁም።

ለሁላችሁም ደግሞ፣ ሰው መጥቶ ሲለምናችሁ "እችላለሁ" የምትሉበት ቀን ይብዛላችሁ። ማድረግ እየቻላችሁ "ሥልጣን የለኝም" ከምትሉበት ቀን ይሰውራችሁ። ያም ቀን ከመጣባችሁ፣ የምትመለሱበትን ዕድሜ አያሳጥርባችሁ።

አሞስ፣ ሁሉንም ሰማህ። እንዲህ ያለችዋን ሴት አሁንም ትፈልጋታለህ?

ኧረ ቀስ በል፣ ወንበሮቹን ገለበጥካቸው እኮ!